ውሃ የማያልፍበት ሦስተኛው ቧንቧ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ደመቀች፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ሲያስቃስትሽ የከረመው ወገብሽ ዘንድሮስ ተወሽ ወይ? ጋሼ ኪዳነወልድስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? አሁንም በከዘራ ነው የሚወጡት ወይስ እንደ ድሮው ከዘራቸውን ረስተው ይመለሳሉ? የቦንጋ ዝናብ ፋታ ይሰጣችኋል? ልጅሽ ባርናባስ ሥራው፣ ባለቤቱ ጤናዋ፣ ቲና ትምህርቷ እንዴት ነው? ይህን የምታነብልሽ ቲና እንደሆነች አውቃለሁና፣ አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ አያትሽ ስትስቅ ጠብቂያት።

እኔ ክብር ለእርሱ ይሁንና እህል ይጣፍጠኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ መሰላል ላይም እወጣለሁ፤ በኔ ዕድሜ ከዚህ በላይ ጤና አይጠየቅም። ልጄ ዕድላዊትም ደህና ናት። ጠዋት በምትሠራበት ፋብሪካ ሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ ጭቃ ተሸክማ ትመለሳለች። የሰበታን የነሐሴ ጭቃ አንቺም አትረሺውም። ሁለታችንም ፍልሰታን ይዘናል።

እትዬ፣ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በስልክ ሊነገር የማይችል ነገር ስላለኝ ነው። በስልክ ብጀምረው አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም አብሬ እስቅና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ከሰው ሁሉ ደብቄ የኖርኩት አንድ ጉድለት አለብኝ፤ «አላውቅም» ማለት አልችልም። ሰው ትሑት ነው ይለኛል። ደጀ ሰላም ላይ ስሳለም የሚያየኝ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። እውነትም በእግዚአብሔር ፊት ጎንበስ ማለት አይከብደኝም። በሰው ፊት፣ ያውም በቧንቧ ነገር፣ አንገቴ አይታጠፍም። በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን ዕቃ ሲያሳዩኝ አውቀዋለሁ እላለሁ፤ ጥያቄው ሲጠብቅብኝ ደግሞ «ችግር የለውም» ብዬ እዘጋዋለሁ። ይህን የምታውቅብኝ ባለቤቴ ብርቅዬ ብቻ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። «አንተ ሰውዬ፣ ችግር የለውም ያልክበት ቤት ሁሉ ችግር አለ» ትለኝ ነበር እየሳቀች። እሷ ካረፈች ወዲህ እንዲህ የሚለኝ ስለጠፋ የዳንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የተገላገልኩት ከበሽታው ሳይሆን በሽታውን ከሚነግረኝ ሰው ነው።

ነገሩ የመጣው ከቡራዩ ነው። እዚያ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው ራቢአና ከሊፋ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ፤ ቧንቧና መገጣጠሚያ የምገዛው ከነሱ ነው። ራቢአ የተወለደችው አሰብ ነው፤ ገና ልጅ ሳለች ከቤተሰቧ ጋር ወደዚህ ወጣች። እናቷ እማማ ኡሙልኸይር አብረዋት ይኖራሉ። እኒህ እናት የዕድሜያቸውን ግማሽ ያህል ባሕር ዳር የኖሩ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ይሄዳል ብሏቸዋል ሐኪሙ። ራቢአ ታዲያ አንድ ነገር በልቧ ያዘች፤ ብርሃኑ ጨርሶ ሳይሄድ የልጅነት ባሕራቸውን ከነዓሣው፣ ከነኮራሉ ልታሳያቸው። ሌላው ሰው ሳሎኑ ቴሌቪዥን ያስገባል፤ ራቢአ ባሕር ላስገባ አለች።

ኮራል ምንድን ነው ትዪኝ ይሆናል። ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉ አበባ ይመስላል፣ ግን እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ይበላል፣ ሲነኩት ይሰበሰባል። እግዚአብሔር ሦስት ፍጥረት ሊሠራ የያዘውን በአንድ የጨረሰው ይመስለኛል። ታዲያ ይህ ሁሉ ውበት ቀበጥ ነው። ውሃው ትንሽ ሲቆሽሽ፣ ትንሽ ሲሞቅ፣ ጨዉ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ይሞታል።

ራቢአ መጀመሪያ በትንሽ የመስተዋት ገንዳ ሞክራው ነበር። ውሃውን ከገንዳው ወደ ታች ወደ ማጣሪያው የሚያወርደው ጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል ሳጥን ነበር። ይህ ዓይነቱ መስተዋት መብሳት አይፈልግም፤ ውሃውን በጎበጠ ቱቦ እየሳበ ያሻግራል፣ ሾፌሮች ነዳጅ በጎማ ስበው እንደሚያወጡት ማለት ነው። አንድ ቀን መብራት ሄደ። ቱቦው ውስጥ አየር ገባ። መብራት ሲመለስ ታች ያለው ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ መግፋቱን ቀጠለ፣ ከላይ ግን የሚወርድ የለም። ሳሎኑ ጎርፍ ሆነ፣ ፓምፑ ደርቆ ተቃጠለ፣ ዓሣዎቹም ሞቱ።  እማማ ኡሙልኸይር ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ጥግ ዞረው አይቀመጡም ነበር።

አሁን የተሠራው ትልቅ ነው። ርዝመቱ አንድ ትልቅ አልጋ ከነትራስጌው፣ የሚይዘውም የአንድ ሮቶ ውሃ ነው። መስተዋቱ ገላን ከተማ ተቆርጦ በጭነት መኪና መጣና ጎረቤት ተጠርቶ ተሸክሞ አስገባው። ከሊፋ ቀልደኛ ነው፤ «ይህም ከፈሰሰ መስተዋቱን ሱቅ ወስጄ የቧንቧ ማጠፊያ ጎሚቶ እደረድርበታለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ራቢአ ግን ከልቧ አልሳቀችም። ገንዳው ሌላ ጊዜ ይሠራ ይሆናል፤ የእናቷ ዓይን ግን ሌላ ጊዜ እንደማይጠብቃት ታውቃለች።

ቧንቧውን እንድሠራ የተጠራሁ ዕለት ዕቃው ሁሉ ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ደረስኩ። እትዬ፣ ዕቃ እንዲህ ሲመረጥ አይቼ አላውቅም። እኛ ዕቃ ስንመርጥ «የየት አገር ነው?» ብለን ነው የምንጠይቀው። እሷ እያንዳንዱን ታነሳና «መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሲመለስስ?» ትላለች። ሁለቱን ጥያቄ ያላለፈ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። አንዱ ዕቃ ከውጭ የመጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዋስትና ያለው ነበር። «ይህን የሠራው ሰው አገሩ መብራት አይጠፋም» ብላ ወደ ጎን አደረገችው።

ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመጣበት ቧንቧ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር። እኔም ጣልቃ ገብቼ የማይመልስ የነሐስ ቫልቭ ላድርግልሽ፣ ፕላስቲክ አይታመንም አልኳት።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ነሐስ ውስጥ መዳብ አለ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከሊፋ እንዳይሰማ። «መዳብ ኮራሉን ይጨርሰዋል።»

«አውቃለሁ» አልኩ። አላውቅም ነበር።

እሷ የመረጠችው ቀዳዳ ነው። የመመለሻው ቧንቧ ላይ፣ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ቀዳዳ አስበሳችኝ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል፤ የላይኛው ውሃ ትንሽ ሲጎድል ቀዳዳው ይገለጥና አየር ይስባል፣ ያኔ መሳቡ ይቆማል። የተቀደደ ስትሮ አይስብም አይደል? ቫልቭ ጨው ይይዘዋል፣ ቀንድ አውጣ ይገባበታል፤ ቀዳዳ ግን ምን ይሆናል? አልፎ አልፎ በጥርስ ብሩሽ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው። በዚያች ቀዳዳ ቀኑን ሙሉ ስደነቅ ዋልኩ።

ውሃውንም መረጠች። ከሊፋ የሱሉልታ ምንጭ እያለ ምን ያስቸግረናል ብሎ በጀሪካን አስመጥቶ ነበር። ቀምሰነው ነበር፣ ጉሮሮ የሚያርስ ውሃ ነው። እሷ በመለኪያዋ አየችውና ለኛ የሚስማማን ማዕድን ለኮራሉ ብዙ ነው አለች። በጣም ስስ በሆነ ማጣሪያ ተገፍቶ ምንም ያልቀረበት ውሃ ይሻላል፣ ጨዉን በልኩ እኛ እንጨምርበታለን አለች። ከሊፋም «የሱሉልታን ውሃ የሚንቅ ዓሣ አምጥታ ልታኖረኝ ነው» ብሎ ጀሪካኑን ለሻይ ወሰደው።

ማጣሪያው በትልቁ ገንዳ ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ ገንዳ ነው፤ በመስተዋት ግድግዳ ክፍል ክፍል ተደርጓል። ውሃው ከላይ ሲወርድ መጀመሪያ በጨርቅ ከረጢት ያልፋል። ቀጥሎ ረጅም የፕላስቲክ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ያገኛል፤ አየር ከውሃው ጋር እየመታ አረፋ ያነሳል፣ አረፋውም የዓሣውን ቆሻሻ ተሸክሞ ላይ ካለው ኩባያ ይደፋዋል። የሚወጣውን አንድ ቀን አሸተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ አላሸተትኩም። ከሊፋ ካለው ሁሉ ትልቁን አረፋ ሠሪ ነበር የፈለገው። ራቢአ ግን ትልቁ በጥቂት ዓሣ ላይ አረፋ አይይዝም፣ ለሚኖረን ዓሣ ይህ መካከለኛው ይበቃል አለች። ሱቅ ያላት፣ ከትልቁ ትልቁን ማምጣት የምትችል ሴት «ይበቃል» ስትል መስማት እንዴት እንደሚያስደስት! ከሁሉ በላይ የሚያጣራው ደግሞ ዕቃ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ይሰፍሩና የቆሸሸውን ይበሉታል። እነሱ እስኪሰፍሩ ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ ለሳምንታት ዓሣ የሌለበት ውሃ እያየ ተቀመጠ። ጎረቤት መጥቶ «ዓሣው የታለ?» ሲል ከሊፋ «ወረቀት እየጨረሰ ነው» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ውሃውን ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው የተንጠለጠለ ሳጥን አይደለም። የገንዳው የጀርባ መስተዋት ተበስቶ ከውስጥ ረጅም ቀጭን ሳጥን ተጣብቆበታል፤ ከንፈሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው። ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባትና አቧራ በጥርሱ መሃል እየተንሸራተተ ይገባል። ለምን እንደዚህ ረዘመ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለከሊፋ ስታስረዳው ነው የሰማሁት። ከንፈሩ በረዘመ ቁጥር ውሃው እየሳሳ ይወርዳል፣ የላይኛው ቆሻሻ ይነሳል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

ከሳጥኑ የሚወጡት ሦስት ቧንቧዎች ናቸው። አንደኛው በውሃ ጢም ብሎ ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ መጠኑን የሚገዛ የፕላስቲክ ቫልቭ አለው። ሁለተኛው የተረፈችውን ጥቂት ውሃ ይዞ በጎኑ ይወርዳል። ሦስተኛው አፉ ከሁለቱ ከፍ ብሎ ደረቁን ይቆማል፤ ውሃ አያልፍበትም። ከሁለቱ አንዱ ቢደፈን ውሃው ይነሳና ያኔ እሱን ያገኘዋል። እኔ ይህን ስሰማ ውሃ ለማያልፍበት ቧንቧ ይህን ያህል ልፋት ምንድን ነው አልኳት።

«እንዳያልፍበት ነው የምጸልየው» አለች ራቢአ። «ካለፈ ግን መንገዱን እንዲያገኝ።»

ይህን አባባል ይዤ ነው ያን ቀን ወደ ሰበታ የተመለስኩት። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጨቃጨቅ እኔ ስለዚያ ቧንቧ አስብ ነበር። ዕድሜ ልኩን ደረቅ ሆኖ የሚቆም፣ ማንም የማያመሰግነው፣ ግን እሱ ስላለ ቤቱ የሚተኛ። ስንት ሰው እንደዚያ ነው። ብርቅዬ ለኔ እንደዚያ ነበረች።

እንዲህ እያደነቅኩ የሠራሁትን ስሚ። ጣሪያ ላይ ሮቶ ስሰቅል፣ ሞልቶ የሚፈሰውን ቧንቧና ለማጠቢያ የሚከፈተውን ቲ በሚባል ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አገናኝቼ አንድ ቧንቧ ብቻ ነው የማወርደው። ሰበታ የሚሠራ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ዕቃም ይተርፋል። የራቢአን ሦስተኛ ቧንቧም በለመደ እጄ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከአንደኛው ጋር በቲ አገናኘሁት። ራቢአ ጎንበስ ብላ አየች።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ሦስተኛው ከአንደኛው ጋር ገባ እንዴ?»

«ችግር የለውም» አልኳት፣ «መጨረሻቸው አንድ ገንዳ ነው።»

ቲውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «እርስዎ ካሉ» ብላ ተነሳች።

ሙከራው ገና ጨው ሳይገባ በተራ ውሃ ተደረገ። ራቢአ ከዚያ በፊት ታችኛው ገንዳ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አስምራ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወርደው ውሃ እዚህ ድረስ ይሞላል ብላ። ብሬከሩን አወረደች። ፓምፑ ዝም አለ፣ ውሃው እየወረደ ሞላ፣ ሞላና መስመሩ ላይ ቆመ። ከመስመሩ የጣት ውፍረት እንኳ አላለፈም። ከሊፋ አፉን ይዞ ቀረ። ከዚያ መብራቱን መለሰች፣ የሁለቱን ቧንቧ አፍ በጨርቅ ደፈነች፤ ውሃው ተነሳና በሦስተኛው ወረደ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ግን አንድ ነገር አየሁ። ጨርቁ የደፈነው ከላይ ነው። ከኔ ቲ በታች ቢደፈንስ? አንደኛውም ሦስተኛውም በአንድ ጉሮሮ ነው የሚወርዱት፤ ሁለተኛው ደግሞ ብቻውን ያን ሁሉ ውሃ አይችለውም። ይህን የጠየቀ የለም፤ እኔም አላነሳሁትም።

እማማ ኡሙልኸይር ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይዘው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሲከታተሉ ነበር። ሰው ሲበተን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ ሦስተኛው ለምንድን ነው?»

«ለክፉ ቀን ነው እማማ።»

«ክፉው ቀን መጥቶ አይተኸዋል?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ በምን አወቅክ?» አሉኝ። ነገር ሊፈልጉ አይደለም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። እኔም ችግር የለውም አልኳቸው።

ውሃው ጨው ሆነ፣ ድንጋዩ ገባ፣ ሳምንታቱ አለፉና ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ገቡ፤ ብርቱካንማ ከነጭ ጋር። እማማ ኡሙልኸይር ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ አስጠግተው፣ እንደተለመደው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ገና በሚያየው የዓይናቸው ወገን ለረጅም ጊዜ አዩ። ልጃቸው ባሕሩን ይመስላል ወይ ብላ ስትጠይቃቸው «ባሕር እንኳ አይደለም» አሉ፤ «የባሕር ልጅ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመስተዋቱ ሥር አይነሱም። ምንጣፋቸውን እዚያ አዛወሩ፤ ይሰግዳሉ፣ ይበላሉ፣ ያያሉ። ኮራሎቹና የቀሩት ዓሣዎች ከዱባይ በአውሮፕላን ሊመጡ ቀን ተቆረጠላቸው። ከሊፋ እኔን ሲያይ «ጋሼ፣ እርስዎ ጾመኛ ነዎት፣ ዓሣዎቹን አይዩብን» ይለኛል።

እኔ ግን ዓሣዎቹን አልነበረም የማየው። የእሳቸውን ምንጣፍ ነበር። ከመስተዋቱ ሥር ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ የፓምፑም የመብራቱም ገመድ ሁሉ ነው። ውሃ ሞልቶ ቢፈስ፣ ያውም የጨው ውሃ፣ በዚያ ገመድ ላይ አልፎ እሳቸው የተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ነው የሚወርደው።

ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ፍልሰታ ገባ፤ በየማለዳው ኪዳን እቆማለሁ፣ ማረኝ እላለሁ፣ ከምን እንደሚምረኝ ግን ስሙን አልጠራም። ራሴን የማጽናናበት ቃል አላጣሁም። የቀንድ አውጣ ነገር ተረት ነው፤ ቲው ሰፊ ነው፤ ስንት ሮቶ ሰቅዬ ምን ሆነ እል ነበር።

ምን እንደሆነ ኦቦ ለሜሳ ነገሩኝ። ኦቦ ለሜሳ እዚሁ ሰበታ ከኛ በላይ ያሉ ባለ ግቢ ናቸው። በዚህ ሳምንት አስጠሩኝ። አከም ጅርቱ ብዬ ገባሁ፤ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። «ወንዳፍራሽ፣ ግድግዳዬ ክርስትና ተነሳ» አሉኝ። ሮቷቸው ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ አዲሱ ቀለም እንደ ሽንኩርት ተልጧል። መሰላል ወጥቼ ከፈትኩት። ቲው ውስጥ የወፍ ላባና ሣር እንደ ቡሽ ተጠቅጥቋል። ሞልቶ የሚፈሰውም የማጠቢያውም በአንድ ተደፍነዋል። ያን ቲ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ለሜሳ ከታች ሆነው ምን አገኘህ ይሉኛል፤ እኔ መሰላሉ ላይ ቆሜ የማየው ግን የሳቸውን ግድግዳ አልነበረም።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ለአንቺ የምጽፈው አፌን ላላምደው ብዬ ነው። «አላውቅም ነበር» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ እንኳ ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ነገ ቡራዩ እሄዳለሁ። ለራቢአ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ፤ ለራሴ የነገርኩትን ሁሉ እንደማላደርግ ግን አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ደብዳቤውን ሳላሽገው አሳድረዋለሁ።

ለጋሼ ኪዳነወልድ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም በይልኝ፤ ከዘራውን እንዳይረሱት። ለባርናባስ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ካየ ምን እንደሚጠይቅ ይስማ በይልኝ። ለባለቤቱ የላከችው ማር እንደደረሰኝና ፍልሰታ ሲፈታ እንደምቀምሰው ንገሪያት። ቲናን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ እስከዚህ ድረስ ሳትደክም ካነበበች አንድ ቀን ቡራዩ ወስጄ ዓሣዎቹን አሳያታለሁ። ለጎረቤትሽ ለእመት አስካለ፣ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ። ዕድላዊት እጅ ትነሳሻለች።

ደብዳቤው ሳይታሸግ አድሯልና ዛሬ ማታ ደግሞ ልጨምርበት። በአየር ጤና፣ በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ስደርስ ራቢአ ሱቅ ውስጥ ነበረች፤ ገዢ ቆሟል። ሰውየው እስኪሄድ ልጠብቅ አልኩና፣ ከጠበቅኩ እንደማልናገር ገባኝ።

«ራቢአ» አልኳት፣ «ያን ቲ ያስገባሁት አውቄ አይደለም። ስትጠይቂኝ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ አውቄ ዝም አልኩ።»

የያዘችውን ሜትር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «እኔም ልክ አልመሰለኝም ነበር» አለች። «እርስዎ በሙሉ አፍ ሲናገሩ የራሴን ተውኩት።»

እትዬ፣ አጥንቴ ድረስ የገባው ይህ ነው። የኔ «ችግር የለውም» የኔን አለማወቅ ብቻ የሸፈነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእሷንም ማወቅ አስጥሏታል። ከሊፋ ግን የገዢውን ትከሻ መታ አደረገና «አይዞህ፣ ያንተን ሮቶ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው» አለው። ራቢአ ሳቀች። ሱቁን ለሱ ትታ ከኔ ጋር ወደ ቤት ወጣች።

ፓምፑን አጠፋች፣ ገመዱን ሁሉ ነቀለች፣ እናቷን ከነምንጣፋቸው ወደ ኋላ አስጠጋች። መጋዙን አንስቼ ቲውን ከላይም ከታችም ቆረጥኩት። አንደኛውን ቧንቧ መልሼ ቀጠልኩ፤ ሦስተኛውን ለብቻው እስከ ታችኛው ገንዳ ድረስ አወረድኩት። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሦስታችንም ሁለቱን ዓሣዎች ስናይ ቆየን። ራቢአ መብራቱን ስትመልስ እማማ ኡሙልኸይር ከተቀመጡበት ሆነው «አሁንስ ይሠራል?» አሉኝ።

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው። «አብረን እንየው።»

ክንዴን እስከ ትከሻዬ ጨው ውሃ ውስጥ ከትቼ የአንደኛውን ቧንቧ ጫፍ ከታች በመዳፌ ደፈንኩት፤ ራቢአ ሁለተኛውን ከላይ በጨርቅ ያዘች። ውሃው ከማበጠሪያው ጥርስ ጀርባ፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ቀስ እያለ ተነሳ፣ የሦስተኛውን አፍ አገኘና በራሱ መንገድ ወረደ።

ወንድምሽ ወንዳፍራሽ

ሰበታ
ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.